ምዕራፍ ሦስት ላይ የቀረችው ልጅ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ዕድሜዬ 24 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ፋንታሲ ልቦለድ አለኝ። ዋናው ሰው ታምሞ ግሽ ዓባይ ጠበል ሊጠመቅ ይሄድና በምንጩ በኩል ሌላ አገር ይገባል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ውሃ ልትቀዳ መጥታ ያገኘችውን፣ አብልታ ያስጠለለችውን ልጅ ይደፍራታል። ሐሳቡን ያገኘሁት ከአንድ የቆየ የእንግሊዝኛ ፋንታሲ ነው፤ እዚያም ዋናው ሰው በመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲሁ ያደርጋል። ታናሽ እህቴ እዚህ ገጽ ላይ ስትደርስ ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ፤ ምንም አላለችኝም። ደራሲዎች የራሳቸውን ዋና ገጸ ባሕርይ ይቅር የማይባል ነገር የሚያስደርጉት ለምንድን ነው? እኔስ ላውጣው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ዕድሜህን ስለ ነገርከኝ አንተ እልሃለሁ። የላክልኝን 19 ምዕራፍ በሁለት ሌሊት አነበብኩት። እጅ ጽሑፍህ ያስቸግራል፤ ታሪኩ ግን ይጎትታል። የምንጩ ውሃ ሽቅብ ሲፈስ የሚታይበትን ቦታ ደግሜ አንብቤዋለሁ።

ወደ ጥያቄህ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ቆጥሬ ልንገርህ። በደሉ ከተፈጸመ በኋላ ሰውየህ ወደ ወንዙ ወርዶ እጁን ይታጠባል። የውሃው ቅዝቃዜ አለ፣ የጣቱ መንቀጥቀጥ አለ፣ እናቱ በልጅነቱ እጁን ስታጥበው የነበረው ትዝታ አለ፤ 31 መስመር ነው። ለልጅቷ የደረሳት ሁለት መስመር ነው፦ እንስራዋ ተሰብሮ አጠገቧ ወድቋል፣ እሷም «ፀጥ አለች»። ከዚያ በኋላ እስከ ምዕራፍ 19 ድረስ ስሟ የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሰውየው ጠጥቶ ሲያለቅስ። እህትህ ለምን ደብተሩን እንደ ዘጋች ጠይቃት፤ እኔ የምገምተው ግን ገጹን ገልጣ ልጅቷን ፈልጋ እንዳጣቻት ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ። የትኛውን እንዳነበብክ ገብቶኛል። ስቲቨን ዶናልድሰን የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፤ በዚያው ዓመት ሁለት ተከታዮች ወጥተውለታል። ላላነበቡት ባጭሩ፦ ቶማስ ኮቬናንት የሚባል ሰው የሥጋ ደዌ ይይዘዋል። ሁለት ጣቱ ይቆረጣል፣ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ትሄዳለች፣ የአካባቢው ሰው ይሸሸዋል። ይህ በሽታ ነርቭ ይገድላል፤ ሰውየው እጁ ሲቃጠል ወይም እግሩ ሲቆስል አይሰማውም። ስለዚህ ሐኪሞቹ በየዕለቱ ገላውን እየመረመረ እንዲኖር ያስተምሩታል። ለእሱ መዘናጋት ሞት ነው፤ እድናለሁ ብሎ ማለም ደግሞ ከመዘናጋት ሁሉ የከፋው ነው። ዶናልድሰን ይህን ከሩቅ ሰምቶ አልጻፈውም። አባቱ በሕንድ አገር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነው፤ ልጁም ያደገው እዚያው ነው።

ይህ ሰው ራሱን ስቶ ሲነቃ ሌላ አገር ነው። ሊና የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ታገኘዋለች። ፈዋሽ ጭቃ አምጥታ ትቀባዋለች፤ ጠበል ቦታ እምነት ሲቀባ ያየ የጎጃም አንባቢ ትዕይንቱን ለማሰብ አይቸገርም። የሞተው ነርቭ ሕይወት ይዘራል፣ የሞተው ወንድነቱም ይነቃል። እሱ ግን ይህ ሁሉ ሕልም ነው ብሎ ወስኗል፤ እውነት ነው ካለ ነገ ገላውን መመርመር ይተዋልና። በዚያው ሌሊት ያዳነችውን ልጅ ይደፍራታል።

ደራሲው ይህን ለምን መረጠ? አንዱ ምክንያት እዚያው «ሕልም ነው» የሚለው ቃል ውስጥ አለ። ሰውየው በሕልሙ ዳቦ ቢሰርቅ ማንም ግድ አይሰጠውም። ዶናልድሰን የፈለገው «ሕልም ነበር እኮ» የሚለው ማመካኛ አንባቢውን የሚያቅለሸልሽበትን ድርጊት ነው። እዚያ ላይ ደግሞ አንባቢውም ይያዛል። ፋንታሲ የሚያነብ ሰው ሁሉ ውሸት መሆኑን አውቆ ነው የሚያነበው፤ ሺህ ሰው ሲታረድ ሻዩን ፉት ይላል። ሊና ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይቆማል። እውነት ካልሆነ ለምን ቆመ? ይህ ጥያቄ መጽሐፉ ሰውየውን ከሚጠይቀው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

በፋንታሲ ውስጥ መግደል ረክሷል። ጀግናው በገጽ 40 ሦስት ጠባቂ ይወጋል፣ በገጽ 60 እራቱን ይበላል። እኛም አገር እንዲሁ ነው፤ በፉከራችን «ገዳይ» የማዕረግ ስም ነው፣ ሠርግ ላይ ይዘፈናል። ስለዚህ ዋናውን ሰው ሊለቅ በማይችል እድፍ መበከል የሚፈልግ ደራሲ ግድያን ቢጠቀም አይያዝለትም፤ አንባቢው አጥቦ ይመልስለታል። «ጠላቱ ነበር»፣ «ጦርነት ነው»፣ «ቀድሞ ባይመታው ይገድለው ነበር» ይልለታል። አስገድዶ መድፈር ግን ራስን መከላከል ሊባል የማይችል ድርጊት ነው።

የኃይል ነገርም አለ። ፋንታሲ ከጥንት ጀምሮ አንባቢውን የሚያባብልበት ዘዴ አንድ ነው፦ አንተ የተናቅከው፣ አንተ ደካማው፣ በሌላ አገር የተመረጥክ ነህ። ዶናልድሰን የተናቀውን ሰው ወስዶ ያንን ሁሉ ይሰጠዋል፤ ጤና፣ አክብሮት፣ ታላቅ ኃይል ያለው ቀለበት። ከዚያ ሰውየው ባገኘው ጉልበት መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ያሳየናል። የተበደለ ሰው ሁሉ ደግ ነው የሚለውን የዋህ እምነት በአንድ ሌሊት ይገድለዋል። እኛ አማርኛ አንባቢዎች በዚህ በኩል ብዙ አልተፈተንም። ጎጃምን ለንባብ ያበቃው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ በዛብህን ንጹሕ አድርጎ ሰጠን። ግፉ ሁሉ ከፊታውራሪው ወገን ነው፣ እንባው ሁሉ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል። መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው ደራሲ ሁሉ የተበደለ ጀግና ሲያመጣልን እንደ በዛብህ ንጹሕ ነው ብለን አስቀድመን መፍረዳችን የእሱ ትሩፋት ነው።

እዚህ ድረስ ያለውን ማንም የሥነ ጽሑፍ መምህር ይነግርህ ነበር። አንተን የሚመለከተው ከዚህ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ታሪክህ የሚሆነው በእኛ አገር ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ይህ ድርጊት ሁልጊዜ «ይቅር የማይባል» ሆኖ አልኖረም።

የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ ሽምግልና ሲቀመጡ ተከትያቸው ሄጃለሁ። ልጅ ተጠልፋ ነበር። ሾላው ሥር ጋቢ ለብሰው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሰባት ናቸው፤ የጠላፊው ወገን በግራ፣ የአባትየው ወገን በቀኝ። አንገቱ ላይ ድንጋይ የተሸከመ ሰው መጥቶ አባትየው እግር ሥር ተደፋ፤ ጠላፊው መስሎኝ ነበር፣ ለካ አጎቱ ነው። ስለ ከብት ተወራ፣ ስለ መሬት ተወራ፣ አባትየው ሁለት ጊዜ ተቆጥቶ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ ለምነው አስቀመጡት። ከሰዓት በኋላ «እግዜር ይማርህ» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤት ገብቶ ጠላ ጠጣ። ጠላውን የቀዳችው ልጅ ሻሽ አስራ ነበር፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ የለም፣ የጆሮዋ ጫፍ ተሰንጥቆ ደርቋል። ዋንጫውን ለአያቴ ስታቀብል በሁለት እጅዋ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኋቸው፤ «ያቺ ናት?» «አዎ፣ እሷ ናት፤ ታረቁ እኮ» አሉኝ። ከእሷ ጋር ማን እንደ ታረቀ ግን አልነገሩኝም። አያቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሰፈሩ ደም ያደረቁ፣ የተፈሩና የተከበሩ ሰው ነበሩ። በሳቸው ዓይን የተበደለው አባትየው ነው፣ ተበዳዩ ይቅር ብሏል፣ ነገሩ አልቋል።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ከአያቴ ብዙ አይርቅም ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ወይም ደፋሪው ልጅቷን በሕግ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በሩ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ አንቀጽ 587 ጠለፋን፣ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲደነግጉ ጋብቻው ከተጠያቂነት አያድንም። አንተ 24 ዓመትህ ከሆነ በሩ የተዘጋው ገና ትንሽ ልጅ ሳለህ ነው። የአንባቢዎችህ አባቶችና እናቶች ግን በሩ ክፍት ሳለ ያደጉ ናቸው።

ይህ ለልቦለድህ ምን ማለት እንደሆነ ይታይህ። ዶናልድሰን ድርጊቱን «ይቅር የማይባል» ሲያደርገው አንባቢው መውጫ እንደሌለው አስቦ ነው። የአንተ አንባቢ ግን መውጫውን ከቤቱ ያውቀዋል፦ «መጨረሻ ላይ ያገባታል»። እንዲያውም ረቂቅህን እስከ ምዕራፍ 12 ሳነብ እኔም ይህን ጠብቄ ነበር፤ ስላላደረግኸው አመሰግንሃለሁ። ግን በሩን አልዘጋኸውም፤ ዝም ብለህ አለፍከው። ያልተዘጋ በር ደግሞ አንባቢው ራሱ ይገባበታል።

ሌላው መውጫ የንስሐው ነው፤ ይሄኛው ይበልጥ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ውብ ነው። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሁሉ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሰምቷል። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ ለአንድ በደዌ የተመታ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በሚዛኑ ላይ ያ ውሃ 78ቱን አነሣ። ትምህርቱን ልከራከር አይደለም፤ ታሪኩ የተነገረው ስለ ምሕረት ነው፣ ምሕረትን ደግሞ እንደዚህ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላውቅም። እንደ ተራኪ ሳየው ግን 78ቱ ስም የላቸውም። ሊኖራቸውም አይችልም፤ አንዳቸው እንኳ ስምና ድምፅ ኖሯቸው ሚዛኑ አጠገብ ቢቆሙ ኖሮ አድማጩ ውሃውን ትቶ ወደ እነሱ ይዞር ነበር። የንስሐ ታሪክ የተበዳዩን ዝምታ ይፈልጋል። አንተ የጻፍከው ፋንታሲ ሳይሆን የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው፤ 31ዱ መስመር የእጅ መታጠብ፣ ሁለቱ መስመር የልጅቷ ዝምታ የመጡት ከዚያ ነው። ከሩቅ አገር መጽሐፍ የቀዳህ ሲመስልህ ከአጥቢያህ ነው የቀዳኸው። ይህን እንደ ነቀፌታ አትውሰደው፤ ሁላችንም የምንጽፈው ሳናውቅ በሰማነው ነው።

ከዚያው ወግ ውስጥ ግን ሌላም አለ። መጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 13ን ክፈት። አምኖን ታመምኩ ብሎ ተኝቶ እኅቱን ትዕማርን ምግብ እንድትሠራለት ያስጠራታል፤ ልክ እንደ አንተ ሰው፣ ልክ እንደ ኮቬናንት፣ በሽተኛና ምግብ የሚሰጠው። ትዕማር ዝም አትልም። ከመደፈሯ በፊት ትከራከረዋለች፤ ነውር መሆኑን፣ የእሷ ዕጣ ምን እንደሚሆን፣ የእሱም ስም ምን እንደሚሆን ትነግረዋለች። ከተደፈረች በኋላም ትከራከረዋለች፤ አሁን እኔን ማባረርህ ከመጀመሪያው ይብሳል ትለዋለች። አስወጥቶ በሩን ያስዘጋባታል። በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ኅብረ ቀለም ያለውን ልብሷን ቀድዳ እየጮኸች ትሄዳለች። እሱ ደግሞ ቀድሞ ከወደዳት ይልቅ አብልጦ ጠላት ይላል። እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስለ ደፋሪ ሰው ልብ ያለው እውቀት አንተ በ31 መስመር ካስቀመጥከው ይበልጣል። ሦስት ሺህ ዘመን ገደማ ወደ ኋላ የሚሄድ ታሪክ ልጅቷ እንድትናገር ፈቅዷል፤ የአንተ ደብተር «ፀጥ አለች» ይላል። በርግጥ ትዕማርም በወንድሟ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች ከተባለ በኋላ ትጠፋለች፤ ታሪኩ የአቤሴሎም በቀል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን በመድረኩ ላይ ያለችው እሷ ናት።

ዶናልድሰን በዚህ ሚዛን ሲለካ? ከፊሉን አሳክቷል፣ ከፊሉን አበላሽቷል ብዬ አምናለሁ። ያሳካው ዕዳውን አለመርሳቱ ነው። በማግስቱ የሊና እናት ልጇ ምን እንደ ደረሰባት ታውቃለች፤ ሊናን የሚወዳት ወጣት ሊገድለው ይነሣል። የዚያ አገር ሰዎች ግን ለበቀል ላለመግደል ምለዋል፣ ኮቬናንትም ለአገሪቱ ገዥዎች የሚያደርሰው መልእክት አለው። እናትየው መሐላዋን ጠብቃ ራሷ መንገድ እየመራች ትወስደዋለች። የልጇን ደፋሪ ከኋላዋ አስከትላ ቀናት ትጓዛለች። ከሾላው ሥር ያየሁት ሽምግልና ተገልብጦ ማለት ነው፤ ሰላሙ ይጠበቃል፣ ይቅርታው ግን የለም፣ ዋጋውንም እሷ በየእርምጃዋ ስትከፍል እናያለን። መጽሐፉ ከእነዚያ ገጾች የተሻለ የለውም።

በሁለተኛው መጽሐፍ ሲመለስ በእሱ ዓለም ሳምንታት ብቻ አልፈዋል፣ በዚያ አገር ግን 40 ዓመት። የአገሪቱ ታላቅ ገዥ ኤሌና ትባላለች፤ ሊና ከዚያ ሌሊት የወለደቻት ልጁ ናት። አገሪቱ የምትተማመንባት ሴት ውስጥ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ወደ አንደኛው መጽሐፍ ይመልሰናል፤ በመጨረሻም የሙታንን ሕግ ትሰብራለች፣ አገሪቱ ሁሉ በዚያ ትናወጣለች። እነሆ፣ በደሉ የታሪኩ ምሰሶ ሆኗል፤ ከአንደኛው መጽሐፍ ብታወጣው ሦስቱም ይፈርሳሉ።

ያበላሸው ደግሞ ሊናን ራሷን ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ ስናገኛት አርጅታለች፣ አእምሮዋ ተናግቷል፣ ያንን ሰው እየወደደችና እየጠበቀች ኖራለች። ሊሆን አይችልም አልልም፤ የተጎዳ ሰው የማይሆነው የለም። ግን ደራሲው ሊናን ለኮቬናንት ጸጸት በሚመች መልክ እንደ ቀረጻት ይሸተኛል። ቁጣዋ የት ሄደ? ለእናቷ የሰጣትን ቁጣ ለእሷ ለምን ነፈጋት? እንግዲህ ታላቅ ሥራ ውስጥ እንኳ ልጅቷ የሰውየው መስተዋት ሆና ቀረች።

የእሱን ፈለግ ተከትለው ስለ ጻፉት ደራሲዎች ብዙ አልልም። ከዚያ ወዲህ ዓለማቸውን «ጨለማ» ለማድረግ ብቻ በየምዕራፉ ሴት የሚያስደፍሩ ፋንታሲዎች በዝተዋል፤ እንደ ጭጋግና እንደ ቁራ ጩኸት፣ ለድባብ። እነዚያ ከጥያቄህ ጋር አይገናኙም፤ ድርጊቱ እዚያ ይቅር የማይባል ሳይሆን የማይታወስ ነው።

ላውጣው ወይስ ልተወው ላልከኝ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ አውጣው እልሃለሁ። ምክንያቴ ጨዋነት አይደለም። ምዕራፍ ሦስትን ነቅዬ ከሁለት ወደ አራት ዘልዬ አነበብኩት፤ ከስካሩ ትዕይንት በቀር አንድም ዓረፍተ ነገር መለወጥ አላስፈለገኝም። ሰውየው ያው ያዝናል፣ ያው ይዋጋል፣ ያው ምንጩን ያድናል። አንድን ልጅ ካስደፈርክ በኋላ አገሪቱ ውስጥ ምንም ካልተለወጠ ለሰውየው ጥልቀት የሰጠኸው በእሷ ዋጋ ነው። ጥልቀት ከፈለግህ ለሰውየህ ሌላ በደል አለህ፤ የታመመ ወንድሙን ጠበል ቦታ ጥሎት እንደ ሄደ ምዕራፍ አንድ ላይ ጠቁመህ ረስተኸዋል፤ እሱ ብቻውን መጽሐፍ ይሸከማል።

ልተወው ካልክ ግን፣ መብትህ ነው፣ ሥራው የሚጀምረው አሁን ነው። ትዕይንቱን ራሱን አሳጥረው፤ ምን እንደ ተፈጸመ አንባቢው እንዲያውቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ የገላ ዝርዝር የሚያስፈልገው የለም። የወንዙን 31 መስመር ሰርዝ። በቦታው ከልጅቷ ጋር ወደ ቤቷ ሂድ። ያለ እንስራ ስትመጣ እናቷ ምን አለች? እንስራ እኮ ዋጋ አለው፤ መጀመሪያ የምትቆጣት በእንስራው ሊሆን ይችላል፣ ቀሚሷን የምታየው ከዚያ በኋላ። የዚያ አገር ሽማግሌዎች የት ነው የሚቀመጡት? ማንን ነው የሚጠይቁት? ሰውየህ የምንጩ አዳኝ መሆኑ ሲታወቅ፣ አገሪቱ በሙሉ «ያስፈልገናል» ስትል፣ እሷ የምትኖርበት መንደር ምን ያደርጋል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ፋንታሲ ብቻ ሊጠይቅ የሚችለው ነው፤ አገር የሚድነው በዚህ ሰው እጅ ከሆነ ከእሷ ምን ይጠበቃል? ብትናገር አገር ሊጠፋ ነው፤ ዝም ብትል እሷ ትጠፋለች። ዶናልድሰን ለእናትየው የሰጠውን ያንን መንገድ አንተ ለልጅቷ ልትሰጣት ትችላለህ።

ስሟንም ቀይረው። «ብርሃኔ» ያልካት ለሰውየው ብርሃን እንድትሆንለት መሆኑ ያስታውቃል።

ከዚያ ምዕራፍ 19ን እንደገና ጻፈው፦ ሰውየው ምንጩን ከፍቶ ሲመለስ ሕዝቡ እልል እያለ ይቀበለዋል ብለሃል፤ በሕዝቡ መካከል እሷን አቁማት። የምታደርገውን እኔ አልነግርህም፣ አላውቀውምም። አዲስ እንስራ ይዛ መጥታ ይሆናል፤ ውሃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወርድ ወረፋ የያዘች አንዲት ሴት ናት፣ እሱም ከፊቷ ቆሞ መንገድ ዘግቶባታል። ጽፈህ ስትጨርስ ላክልኝ፤ ለእህትህ ግን ከእኔ በፊት ስጣት፣ ማንበብ ከፈለገች።